የደረሰኝ ጀርባ

«ፍቅርን ማን አስተማረሽ?» ትለኛለች እህቴ፣
የጻፍኩትን ስትተይብ፣ ኮምቦልቻ ካለው ቤቴ።
ለሷ ያልነገርኩትን ለዚህ ወረቀት ልንገረው፤
አስተማሪዬ አንድ መጽሐፍ ነው፣ መጨረሻው የጎደለው።

እትዬ ዘርትሁን፣ ጎረቤታችን፣ የክር ፋብሪካ ተረኛ፣
ጣቷ በድውር የሻከረ፣ ሳቋ የጎረምሳ፣ ጉልበተኛ፣
ማታ ማታ ታነብልን ነበር ያንኑ አንዱን መጽሐፍ፤
አይጥ በልቶት ይሁን እንጃ፣ የለውም የመጨረሻ ምዕራፍ።
እሷ መች ተቸግራ! ባዶውን ልባሱን ገልጣ
ታነባለች፣ ታነባለች፣ ዓይኗን ከዚያ ሳታወጣ።
ሰኞ ዕለት ተጋቡ፤ ማክሰኞ ልጅቷ ጥላው ሄደች፤
ዓርብ ደሞ ባቡር ጣቢያ ስትጠብቀው አደረች።
«የቱ ነው እውነተኛው?» ብዬ ብጠይቃት አንድ ማታ፣
«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለች፣ መጽሐፉን እጄ ላይ ትታ።

ዛሬ ዓጅማን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ባንድ የሴቶች ሳሎን ውስጥ
ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ሳንቲም ስቆጥር፣ መዝገብ ስገላብጥ።
የጠጉር ማድረቂያው ሲያጓራ ሰው የማይሰማቸው ይመስላቸዋል፤
ይጮኹታል ሚስጥሩን፤ እርሳሴ ጆሮ አውጥቶ ይውላል።
የሟች ባሏን ሽቶ የምትቀባ፣ ከሻርጃ የምትመጣ እመቤት፣
እጮኛዋን በድምፁ ብቻ የምታውቅ የካምፓላዋ ጥፍር ሠሪ እት፣
ሁሉም አልፈዋል በእጄ፣ ስማቸው ተቀይሮ።
የምጽፈው ሌሊት ነው፣ ፎጣ ከሚታጠብበት ጓሮ፣
ማጠቢያው እየተንቀጠቀጠ፣ የደረሰኝ ጥቅልል ዘርግቼ፤
ከፊቱ «ሠላሳ ድርሃም»፣ በጀርባው ሁለት ሰው አስማምቼ።

ምርጫዬን ለምትጠይቁኝ፦ ፈረሰኛ ጀግና አልወድም፤
ዓይኑ እንደ ኮከብ የሚያበራ ወንድ እኔ ዘንድ አይገባም።
የምወደው ሸሚዙን በገዛ እጁ የሚሰፋ፣
ይቅርታ ሊል መጥቶ ቃሉ ደጃፍ ላይ የሚጠፋ።
ልጃገረዶቼ እግራቸው ትልቅ ነው፣ ጫማ አይበቃቸውም፤
ሲያለቅሱ አፍንጫቸው ይቀላል፤ እንደ ጽጌረዳ አያምሩም።
ጨረቃን ካባረርኳት ይኸው ሦስተኛ መጽሐፌ ነው፤
ፍቅረኛም ከእንግዲህ አልገድል፤ አንዱን ገድዬ፣ የእህል ሽታው
ሳምንት ሙሉ አስጠልቶኝ፣ ገጹን ቀድጄ አስነሣሁት፤
ሻይ ጠጥቶ ነው የተነሣው፣ ሁለት ስኳር ጨመርኩለት።

ግን አንድ ነገር ደብቄያለሁ፣ ከአንባቢም፣ ከእህቴም፦
ጀግኖቼ ሁሉ እጃቸው አንድ ነው፤ ሌላ እጅ አላውቅም።
ሳሎኑ ወንድ አያስገባም። ሐሙስ ሐሙስ ከመጋረጃው ሥር
የውሃ ጋሎን የሚያቀብል እጅ አለ፣ ጠባሳ ያለው እንደ ክር።
ከመቀመጫዬ ሳልነሣ፣ በትልቁ መስታወት አየዋለሁ፤
ሁለቴ ኳ ኳ፣ «ውሃ!»፤ ሌላ ቃል ሰምቼ አላውቅም፣ እጠብቃለሁ።
አነጋገሩ የከሚሴ፤
ፊቱን አላየሁትም፤ አራት ዓመት፣ የሞላሁት ራሴ።
ሙኽታር ይባላል፤ ስሙን ያገኘሁት ከውሃው ሒሳብ ላይ ነው፤
ሐኪም፣ መርከበኛ፣ ሰዓት ጠጋኝ አደረግሁት፤ ሁሉን ለበሰው።

በወር መጨረሻ፣ የጋሎኑ ሒሳብ ይመሳከር ሲባል፣
አንድ እፍኝ ደረሰኝ ሰጠሁት፤ ጀርባው ላይ ምዕራፍ ስምንት ይነበባል።
ያወቅኩት ማታ ነው። ፎጣ ሳጥፍ፣ ፎጣውን እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ፤
ለሹፌሮቹ ሲያነብላቸው ታየኝ፤ አለቀልኝ፣ ተዋረድኩ።

ሐሙስ መጣ። ኳ ኳ። ውሃ። ከጋሎኑ ሥር ተጣጥፎ
አንድ ወረቀት፤ ፊቱ ሒሳብ፣ ጀርባው በደቃቅ እርሳስ ተጽፎ፦
«ጠባሳው በግራ እጁ ነው፤ በቀኝ ብለሽ ተሳስተሻል።
ምዕራፍ ዘጠኝስ? ለሐሙስ ይደርስልሻል?»

ከታች፣ ተቀባይ የሚፈርምበት ባዶ መስመር ነበረ።
ይህን ሁሉ ገጽ የሞላ እጄ ለአንድ ቃል ተቸገረ።
መጋረጃው ገና ይወዛወዛል።
ጻፍኩ፦
ደረሰኝ።